ከአፍንጫዬ ያመለጠችው ጣኒካ

ዳንግላ ከአያ ታከለ ቆርቆሮ ቤት ሥራ የጀመርሁ ዕለት መዶሻ ይሰጠኛል ብዬ ነበር። የሰጠኝ ባዶ ጣኒካ ነው።

«አሽትት» አለኝ። አሸተትሁ። «ምን ነበረበት?» «ላምባ» አልሁ። ሌላ አቀበለኝ። «ይኸስ?» «ዘይት።» ሦስተኛውን ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋ አስነጠሰኝ። «እሱ ቀለም ነው» አለ በኔ ፈንታ፤ እዚያው ቀጠረኝ።

ጊዜው ሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ዕድሜዬ ሃያ ሦስት ነበር። አንዱ በሬዬ ገደል ገብቶ ከእርሻ የወጣሁ ሰው ነኝ። እናቴ «ልጄ ቀጥቃጭ ሆነ» ብላ ሳምንት ሙሉ ከጎረቤት ተደበቀች። «ኧረ እማዬ፣ አሸታለሁ እንጂ አልቀጠቅጥም» ብዬ ላጽናናት ሞከርሁ። አልተጽናናችም።

ሥራው እንዲህ ነበር። ባዶ ጣኒካና ያረጀ በርሜል ከነጋዴና ከጭነት መኪና ሾፌር እንገዛለን። የላምባው ጣኒካ ኩራዝ ይሆናል፤ የዘይቱ ባልዲና ጣሳ፤ የቀለሙ አመድ ማፈሻ። በርሜሉ ተሰንጥቆና ተዘርግቶ በር ይሆናል። ከበሩ የተረፈው ቁራጭ ለሚያፈስ ዕቃ መለጠፊያ ይቀመጣል። መሬት ላይ የሚቀር ዝገት ብቻ ነው፤ አያ ታከለ እሱንም ሲጠረግ ቆሞ ያየዋል።

ማዕረጉም ግልጽ ነበር። ከላይ አያ ታከለ አለ፤ በጣሊያን ጊዜ ከአንድ ጋራዥ ብየዳ የተማረ፣ መበየጃውን ከሰል ውስጥ አግሎ ስታኞውን፣ የብየዳውን እርሳስ፣ እንደ ቅቤ የሚያቀልጥ ሰው። ቀጥሎ መቀስ ያዥ። ከታች እኔ፣ አሽታች። የኔ ስህተት የምግብ ዕቃውን ከቀለሙ ጋር ስለሚያደባልቅ አያ ታከለ ያለኔ ቃል አንድ ጣኒካ አይቆርጥም ነበር።

በሁለት ዓመት ውስጥ መቀሱንም መበየጃውንም ለመድሁ። አሽታችነቱን ግን ለማንም አልለቀቅሁም። ሾፌሮቹ «የታከለ አፍንጫ» ይሉኝ ጀመር። ስድብ ይሁን ሙገሳ አልጠየቅሁም፤ ደስ ይለኝ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ጥር ላይ ጉንፋን ያዘኝ። የአገራችንን የጥር ውርጭ የሚያውቅ አይገረምም። የገረመው እኔን ነው፤ አፍንጫዬ ድፍን ብሎ ተዘጋ። በዚያው ሳምንት አንድ ሾፌር አሥር ያህል ጣኒካ አራግፎልን ሄደ። አንዱን አንስቼ አሸተትሁ። ምንም። ሌላውን አሸተትሁ። ማርም ይሁን ላምባ አላውቅም።

«አያ፣ አፍንጫዬ ተዘግቷል» ብል ሥራው ለሦስት ቀን ይቆይ ነበር፤ ሌላ ጉዳት አልነበረውም። ግን አሽታች አፍንጫዬ ተዘጋ ሲል ምን ይቀረዋል? አፈርሁ። እንደ ወትሮዬ ዓይኔን ጨፈን፣ ራሴን ነቅነቅ እያደረግሁ በመልካቸው ለየኋቸው። አንዷ ወረቀቷ የተላጠ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባች፣ ወፈር ያለች መልካም ቆርቆሮ ነበረች። «ዘይት» አልሁ።

አያ ታከለ ባልዲ አደረጋት። ለውበት ብሎ አፏ ላይ ያለውን አረንጓዴ ሳይፍቅ ተወው። ውሃ ሞልተን ፀሐይ ላይ አቆምናት፤ አንድ ጠብታ አላፈሰሰችም።

ቅዳሜ አዲስ ቅዳም ገበያ ወረድሁ። አንዲት ጠና ያሉ ሴት ባልዲዋን አንስተው ወደ ፀሐይ አቅንተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀዳዳ ፈለጉ። አጡ። ማጣታቸው ቅር ያሰኛቸው መሰለኝ፤ ዋጋ የሚያስቀንሱበት ነገር አልነበራቸውም።

«ለልጄ ሠርግ ነው። ብታፈስ አንተን ነው የማፈሰው» አሉኝና ከፍለው ወሰዷት። ወይዘሮ አንጓች እንደሚባሉና ከገበያው የሁለት ሰዓት መንገድ ከሚርቅ መንደር እንደመጡ አብረዋቸው የነበሩት ሴቶች ነገሩኝ።

ሰኞ ጠዋት አፍንጫዬ ተከፈተ። ደስ ብሎኝ ያገኘሁትን ሁሉ ማሽተት ጀመርሁ፤ ከሰሉን፣ አሲዱን፣ የመቀስ ያዡን ካፖርት። ከዚያ ከቁራጩ ክምር ውስጥ የዚያችን አረንጓዴ ጣኒካ ክዳን አነሳሁ። የሸተተኝ ባለፈው ክረምት ተምች ሲወርር በየማሳው የተረጨው መድኃኒት ነበር። ያን ሽታ የዚያ ዓመት ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከብት በዚያ ማሳ እንዳያልፍ፣ የነካውም ሰው እጁን ሳይታጠብ እንዳይበላ ተነግሮ ነበር።

ክዳኑን ለአያ ታከለ ሰጠሁት። አሸተተና አስቀመጠው።

«ጉንፋን ይዞህ ነበር?»

«አዎ።»

«ለምን አልተናገርህም?»

መልሴን አልጠበቀም። ከተሰቀሉት ባልዲዎች ምርጡን አውርዶ ሰጠኝ። «ይኸን ውሰድና ለውጥ። ያኛው ብየዳው ደካማ ነው በላቸው። መርዝ የምትል ቃል ካፍህ ብትወጣ አዲስ ቅዳም ላይ ከእንግዲህ የሚገዛን የለም። ሦስት ቤተሰብ ነው ከዚህ ምድጃ የሚበላው።»

በጭነት መኪና አዲስ ቅዳም ደረስሁ፤ ከዚያ በእግሬ ሮጥሁ ማለት ይቻላል። መንገዱን ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ሠርግ የሚጠራው አንድ ደብር ሙሉ ሰው ነው።

የወይዘሮ አንጓች ግቢ በሴቶች ተሞልቷል፤ ገሾ የሚቀጠቅጥ፣ ብቅል የሚያሰጣ። እኔን ባልዲ ይዤ ሲያዩኝ በአገውኛ ተነጋገሩ። የማልሰማ መስሏቸው ነው። «ይኸ ሰው ሳይጠራ ቀድሞ መጣ፤ ጠላው ገና ጥንስስ መሆኑን ማን በነገረው» አለች አንዷ።

«እሜቴ» አልሁ ጎንበስ ብዬ፣ «ባልዲውን ልለውጥልዎ ነው የመጣሁት። ብየዳው ትንሽ ደከም ያለ ነው።»

ወይዘሮ አንጓች ሁለቱን ጎን ለጎን አቆሙ፤ አንኳኩ፣ አገላበጡ። «የኔው ይበልጣል። ያንተን መልሰህ ውሰድ።»

«ያፈስብዎታል።»

«ሁለት ጋን ጥንስስ ውሃ ቀድቼበታለሁ፤ ጠብ አላለም። ምነው፣ የተሻለ ገዢ አገኘህለት?»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ሁለቱን ጋን አየሁ። አፋቸው በቅጠል ተከድኖ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። የአያ ታከለ ትእዛዝ አንደበቴ ላይ ነበረ፤ ግን ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻልሁም።

«መርዝ ነበረበት» አልሁ። «የተምች መድኃኒት። ጉንፋን ይዞኝ አላሸተትሁትም፤ ያሸተትሁ መስዬ ዘይት ነው አልሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የማንም አይደለም። ማንም ሰው ከጥንስሱ እንዳይቀምስ።»

ቅጥቀጣው ቆመ። አንዲት አሮጊት «ምቀኛ ልኮት ነው» አሉ። ሌላዋ «ገሾው ሁሉ ገብቷል እኮ» አለች። ወይዘሮ አንጓች እኔን ብቻ ያያሉ። አላመኑኝም፤ እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን አላምንም ነበር። የልጅ ሠርግ ስድስት ቀን ሲቀረው ጠላህን ድፋ የሚል እንግዳ ማን ያምናል?

ያን ጊዜ ሙሽራው ከጋጣው ብቅ አለ። «እማዬ፣ ፈረሱ» አለ።

«ፈረሱ ምን ሆነ?»

«ቅዳሜ ማታ በዚህ ባልዲ ውሃ ባቀርብለት እምቢ አለ። ትላንትም እምቢ አለ። በገንቦ ስሰጠው ጠጣ። ለሠርጉ ስናሰማምረው ቀብጦ ነው ብዬ ተውሁት።»

የታከለ አፍንጫ ከሚባለው ሰው ይልቅ ፈረሱ ሥራውን ያውቅ ነበር። ወይዘሮ አንጓች ባልዲዋን አንስተው ለመጀመሪያ ጊዜ አሸተቱ፤ ፊታቸው ተለወጠ።

ጥንስሱን ራሳቸው ደፉት፤ ከግቢው ራቅ ብለን በቆፈርነው ጉድጓድ ውስጥ። ጋኖቹን ላጥብ ብዬ ተነሳሁ። «ሸክላ የያዘውን ይጠጣል፤ አይታጠብም» አሉኝና በምሳር ጀርባ ሰበሯቸው። አንደኛው ከእናታቸው የቀረ ነበር። እያለቀሱ ነው የሰበሩት። በዚያ አገር ጋን ሲሰበር ገሉ ለዶሮ ውሃ መስጫ፣ ለእሳት መጫሪያ ይሆናል እንጂ አይጣልም። ያን ቀን ግን ገሉን እስከ መጨረሻው ቁራጭ ለቅመን ከጨፈለቅናት አረንጓዴ ባልዲ ጋር ቀበርነው።

ሲያበቃ አዲሱን ባልዲ ልሰጣቸው ዘረጋሁ። አልተቀበሉኝም። «ጠላ ቀጂ እንኳ በመዳፉ ቀምሶ ነው ለሰው የሚሰጥ» አሉ። «አንተ ምኑን ቀምሰህ ሰጠኸኝ?»

አንዲት ልጃገረድ ውሃ ቀድታ ሞላችልኝ። ሁሉም እያየኝ ጠጣሁ። «ጨምር» አሉ። ጨመርሁ። ወይዘሮ አንጓች እስኪበቃቸው ድረስ ጠበቁና ባልዲውን ተቀበሉኝ።

ጎረቤቱ ሁሉ ከየቤቱ ጥንስስና ጋን አዋጥቶ ሠርጉ በቀኑ ተደረገ። እኔ አልተጠራሁም። ትክክል ነበር።

ዳንግላ ስመለስ ለአያ ታከለ ሁሉንም ነገርሁት። መርዙን መናገሬን ሳይቆጣ ሰማ። ባልዲዋን ቀበርናት ስለው ግን ከመቀመጫው ተነሳ። «ቆርቆሮ ትቀብራላችሁ?» አለ።

ወሬው ገበያ ደርሶ ነበርና በሚቀጥሉት ሁለት ቅዳሜዎች አንድ ጣሳ የገዛን አልነበረም። በሦስተኛው ወይዘሮ አንጓች መጡና ከፊቴ ቆሙ። ሰው ተሰበሰበ። ይሰድቡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን አንዲት ጣሳ መርጠው ከጎረቤቴ ውሃ አስሞሉና «ጠጣ» አሉኝ። ጠጣሁ። ጣሳዋን ገዝተው ሄዱ። ከኋላቸው የነበረችው ሴት ባልዲ አንስታ «በል እንግዲህ ጠጣ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሳልጠጣበት የተሸጠ ባልዲም ጣሳም የለም። በገበያ ቀን ሆዴ ተነፍቶ ከመንገድ ዳር ስንት ጊዜ እንደምቆም አያ ታከለ ይቆጥር ነበር። ሥራችን ግን አልተቋረጠም፤ ሦስቱም ቤተሰብ በላ።

አንድ ቀን ከብዙ ዓመት በኋላ ከማን እንደገዛናት የማላውቃት ጣኒካ ባልዲ ሆና ተሞላችልኝ። አሽትቻት ነበር፤ ምንም አልሸተተኝም። ልጠጣ ሳነሳት እጄ ዘገየ። ገዢዋ ቆማ ትጠብቃለች። ውሃውን ደፋሁትና «ይቺ አትሸጥም» አልኋት። ምን እንደነበረባት እስከ ዛሬ አላውቅም።

አሮጌ ቆርቆሮ አዲስ ለምታደርጉ ሁሉ የምለው ይኸው ነው። ለመጠጣት እጃችሁ የዘገየበትን ዕቃ ለሰው አትሽጡ።