የሱዳን ባቄላ

ዳንግላ ውስጥ ባቄላ ለቃሚ ነበርኩ። ከሴቶቹ ጋር የመጋዘኑ ወለል ላይ ተቀምጠን ጠጠሩንና ነቀዝ የበሳውን እናወጣለን። ጥሩው በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይሄዳል፤ ግርዱን ለፍየል ይሆናል ብለን በነጠላችን ቋጥረን እንወስዳለን። በደጉ ዓመት የጭነት መኪና ከደጃችን አይጠፋም፣ ባለጋሪዎቹ ተራ ለመያዝ ይሰዳደባሉ። በዓመቱ መኪናው ቀነሰ። በሦስተኛው ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሳና ጭራሽ ቀረ።

አባቴ ከቆሰበር ወጣ ብሎ ነው መሬታቸው። ሱዳን መግዛት ከጀመረ ወዲህ ድንቹን ትተው ሁሉንም ባቄላ አድርገውታል። የአዲስ አበባ ደላላ በርካሽ ልውሰደው ቢላቸው እምቢ አሉ።

«አባባ፣ ይሽጡት እንጂ። ነቀዝ አይታገስዎትም» አልኳቸው።

«ሱዳን ያለ ፉል አያነጋም፤ ይመጣል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል አልሰማሽም?»

አንድም ሱዳናዊ በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ ግን እንደ አማች ይጠብቋቸው ነበር። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር እየደወሉ «መኪና ታየ?» ይሉኛል። አልታየም። ስልኩን ዘግቼ እናደዳለሁ፤ በእሳቸው ይሁን በሱዳን እንጃ።

ሰኔ ሲገባ ተስፋ ቆርጠው ባቄላውን በጋሪ አስጭነው መጋዘኑ ድረስ አመጡት። ለአዲስ አበባ መግዛት የጀመረው የመጋዘናችን ነጋዴ እፍኝ ሙሉ ዘገነና እጁን ከፈተ። ዱቄቱ በጣቶቹ መሃል ፈሰሰ።

«ይኼማ ግርድ ነው አባቴ፤ አልገዛዎትም።»

አባቴ አጠገቤ ቁጢጥ ብለው «በይ ለዘር የሚሆነውን ልቀሚልኝ» አሉኝ። ዘር ብለው ለብቻ ያስቀመጡት አልነበረም፤ ሁሉም ለሱዳን የተጠበቀ ነው። ለቀምኩ። ሙሉው ሲጠፋ ጥቂት የተበሳውንም ከደህናው ጋር መቀላቀል ጀመርኩ፤ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ማየት አልቻልኩም። እሳቸው ግን አንድ በአንድ መልሰው አወጡት።

«ይኼ አይበቅልም። ባቄላ ልታስተምሪኝ ነው እንዴ?»

ከዚያ ሁሉ ጆንያ የተረፈው መዳፌን አልሞላም። ቀሪውን ውሰዱት ብለው ለጓደኞቼ ሰጡ። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ነጠላቸውን ዘረጉ።

«እግዜር ይስጥልን» አለች አንዷ።

«አብሮ ይስጠን» አሉ አባቴ።

በዚያ ክረምት መሬታችን ጦም አደረ።