ከጫማ ላይ የተቆረጠ መዋጮ

ፍሪላንስ ማለት አለቃ የሌለው ሠራተኛ ነው ብለው የነገሩኝ ሰዎች ዋሽተውኛል። አለቃ አለው፤ እሱም ራሱ ነው። እዚህ ዓረብ አገር ኩባንያ ተቀጥሬ ስሠራ፣ በሙቀቱ ወራት ቀትር ላይ ውጭ ማሠራት በሕግ ክልክል ስለሆነ ጥላ ሥር ጋደም እል ነበር። የራሴን ፈቃድ አውጥቼ ዴራ ገበያ ዕቃ አሻጊ ከሆንኩ ወዲህ ግን ያ ሕግ እኔን አያውቀኝም። "አረፍ በል" የሚለኝም፣ "ያላ ተነስ" የሚለኝም እኔው ነኝ፤ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ሁለተኛው ነው።

"አባ፣ እንዳንተ ያለ ክፉ አሠሪ አላየሁም፤ ክሰሰው" ትለኛለች ልጄ። ኡድ ሜታ ሰፈር ባለ ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ አጅማን አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖራለን። በቁም ነገር አትቀልጂ እያልኩ እቆጣታለሁ።

ቋሚ ደንበኛዬ አንዲት ነጋዴ ነበረች። ከአዲስ አበባ እየተመላለሰች ጫማ በጅምላ ትገዛለች፤ እኔ በካርቶን አሽጌ ለካርጎ አዘጋጃለሁ። የቤት ኪራያችን የሚወጣው ከእሷ ሥራ ነው። አገር ቤት ጦርነት ሲነሳ እንደ እሷ ያሉ ነጋዴዎች ተሰብስበው፣ ከሚያሠሩት ሰው ሁሉ ክፍያ ላይ ለግንባር መዋጮ እንዲቆረጥ ተስማሙ። እኔን የጠየቀኝ አልነበረም።

"አልሰጥም" አልኳት። "በእጄ ሰው አልገድልም፤ ከኪሴ በሚወጣ ፍሉስም አላስገድልም።"

"ጋሼ፣ ሁሉም እየሰጠ እርስዎ ብቻ እንዴት? ሙሽኪላ ውስጥ ሊከቱኝ ነው? የማይሰጥ ሰው አታሠሪ ቢሉኝስ?"

"እንግዲያው አታሠሪኝ።"

ቤት ገብቼ ስናገር ልጄ ታደንቀኛለች ብዬ ነበር። "አባ፣ ሕሊናህ ነው ወይስ ስስትህ?" አለችኝ። ሳህኔን ገፋ አድርጌ ስለ ልጅ አስተዳደግ ረጅም ንግግር አደረግሁ። ጥያቄዋ ግን ልክ ነበር። በማግስቱ፣ ሊቆረጥብኝ የነበረውን ያህል ሶናፑር የሠራተኞች ካምፕ ወስጄ እጁ ተሰብሮ ለተኛ የአገሬ ሰው ሰጠሁት። ዋላሂ፣ እየቆጨኝ ነው የሰጠሁት።

ሳምንት ሳይሞላ ነጋዴዋ ደወለች። እንደ እኔ አጥብቆ የሚያሽግ አላገኘችም፤ መዋጮው ግን አልቀረም። እኔም መላ ዘየድኩ።

"በገንዘብ አትክፈይኝ፤ በጫማ ክፈይኝ። ሮላ ገበያ ወስጄ እሸጠዋለሁ። ከጫማ ላይ መዋጮ አይቆረጥም።"

ሳቀችና ተስማማች። ቀኑን ሙሉ አሽጌ ስጨርስ ድርሻዬን ደረደረችልኝ። ከዚያ ከመጨረሻው ጥንድ የግራውን አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"የግንባሩ ነዋ! ከጫማ ላይ አይቆረጥም ያሉት እርስዎ አይደሉ? ይኸው ተቆረጠ!"

ዙሪያችን ያሉት አሻጊዎች በሳቅ ፈረሱ። ተናደድኩ።

"ልክ ነሽ" አልኳት። "ከግንባር ለሚመለስ ሰው አንዱም ይበቃው ይሆናል። ግን የተረፈችው የግራ እግሩ መሆኗን በምን አወቅሽ?"

ሳቁ ቆመ። ነጋዴዋ ካርቶን ላይ ቁጭ አለች።

"ታናሽ ወንድሜ እዚያ ነው" አለች። "ከደወለ ቆየ። እርስዎ የከለከሉት መዋጮ የእሱ ምሳ ቢሆንስ?"

የቀረውን የቀኙን ጫማ አንስቼ ሰጠኋት።

"ለግንባሩ አልሰጥም" አልኳት። "ለወንድምሽ ግን ጥንዱን ውሰጂለት። ሲመለስ ያድርገው።"

የግራውን ከቦርሳዋ አውጥታ ቁጥሩን አየች። "ይሄ ይጠበዋል" ብላ እናቷ ጋ ደወለች።

"እማዬ፣ ወንድሜ ስንት ቁጥር ነው የሚያደርገው?"

"ደወለ እንዴ? ልጄ ደወለ?" የሚል ጩኸት ከስልኩ ወጣ።

"አልደወለም። ቁጥሩን ብቻ ንገሪኝ።"

"አርባ አራት! ያንን ታንኳ እግሩን ረሳሽው?"

አርባ አራቱ ያለው ከሁሉ ሥር በተደረደረው ካርቶን ውስጥ ነበር። ቀኑን ሙሉ ጥብቅ አድርጌ ያሸግኩትን እያወረድኩ ፈታሁ። አገኘነውና ከእኔ ጥንድ ጋር ለወጥነው።

"ለመፍታቱስ ስንት ልክፈልዎ ጋሼ?" አለችኝ ዓይኗን እየጠረገች።

በነጻ ልል ነበር። ግን ሠራተኛ ላቡን በነጻ አይስጥ እያልኩ ስንቱን ሰብኬያለሁ።

"እንደ ማሸጉ ነው" አልኳት። "መልሶ ማሸጉ ደግሞ ለብቻው ይታሰባል።"

በጥሬ ገንዘብ ከፈለችኝ። ምንም አልቆረጠችም።