ሐርላ ላይ ያፈረስነው ግድግዳ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ አጥሩን በድንጋይ ሊያሠራ ሁለት ጠራቢዎች አምጥቶ ነበርና፣ ጠዋት መስኮቴን ስከፍት ጥቁር ድንጋይ በመሮ ሲመታ የሚወጣው፣ አሁን የተጫረ ክብሪት የሚመስለው ሽታ ቤቴን ሞላው። ሌላው ሰው ልጅነቱን በዳቦ ወይም በአበባ ሽታ ያስታውስ ይሆናል፤ የእኔ ልጅነት ግን የሚሸተው እንዲህ ነው። አባቴ ግንበኛ ነበር፤ ከሥራ ሲመለስ ከሸሚዙም፣ ከፀጉሩም፣ ጉንጬን ከሚዳብስበት ሻካራ መዳፉም የሚወጣው ይኸው ሽታ ነበር። አንደኛው ጠራቢ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ "እማማ፣ ረበሽንዎት እንዴ?" ሲለኝ፣ ኧረ በርቱ ብዬ ወንበሬን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁ።

ያደግሁት በጃንሆይ ዘመን፣ ድሬዳዋ፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ መጋላ የሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ በግራ ሶማሌ፣ በቀኝ ኦሮሞ፣ ፊት ለፊት ሐረሪ ጎረቤቶች ባሉን ጠባብ ግቢ ነው። እኛ ልጆች በአንዱ ቋንቋ ጀምረን በሌላው እየተሰዳደብን በሦስተኛው እንታረቅ ስለነበር፣ ኦሮምኛ መቼ እንደተማርኩ ቢጠይቁኝ መልስ የለኝም። እንግሊዝኛን ግን መቼና ከማን እንደተማርኩ አሳምሬ አውቃለሁ። ሰባተኛ ክፍል ስገባ፣ ከባሕር ማዶ በበጎ ፈቃድ ከመጡት አስተማሪዎች አንዷ፣ ሚስ ሊንዳ የምትባል ወጣት፣ እኛ ክፍል ተመደበች። ረጅም ነበረች፤ ባርኔጣዋን በየሄደችበት ስለምትረሳ የድሬ ፀሐይ አፍንጫዋን እንደ ቲማቲም አቅልቶት ነበር። አማርኛዋን የለቀመችው ከመንገድ ነው። ድሬ ላይ ደግሞ አንቱታ እምብዛም ስላልነበረ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም በእኩል ዓይን ታይ ነበር፤ ይባስ ብሎ ስትናገር ወንድና ሴትንም አትለይም።

የዓመቱ ትምህርት ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሚስ ሊንዳ አንድ ነገር ነገረችን። ወደ ሐርላ በኩል ልጆቻቸውን የሚያስተምሩበት ቤት የሌላቸው ገበሬዎች ያሉበት መንደር አለ፤ መንደሩ ቦታና ድንጋይ ሊሰጥ፣ እሷና በሌሎች ከተሞች የሚያስተምሩ ሁለት ጓደኞቿ ደግሞ አገራቸው ካሉ ሰዎች ለምነው ሲሚንቶና ቆርቆሮ ሊያመጡ ተስማምተዋል፤ በክረምቱ ዕረፍት ሁለት ክፍል ትምህርት ቤት ይሠራሉ። የጎደለው ኦሮምኛም እንግሊዝኛም የሚያውቅ ሰው ነው። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ።

እናቴ አላቅማማችም፤ ችግሩ አባቴ ነበር። "እኔ ድንጋይ ስጠርብ የኖርኩት አንቺ እንዳትሸከሚው ነው" አለና ነገሩን ዘጋው። አባቴ፣ አቶ ወልዴ፣ የባቡር ሠራተኞች ቤት ሲገነባ ከመንዝ መጥቶ እዚያው ድሬ የቀረ ሰው ነው፤ ከተማውን ወደደው እንጂ "አንተ" መባልን አልለመደውም፤ በዚህ የተነሳ ከስንት ጋሪ ነጂ ጋር ተጣልቷል። እንግዲህ ሚስ ሊንዳ ልትለምነው ቤታችን መጥታ፣ ቆማ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ "አቶ ወልዴ፣ አንቺ በጣም ጥሩ ሰው ነሽ። እባክሽ ልጅሽን ስጪኝ" ስትለው ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ ጓሮ ሮጠች። አባቴ ለረጅም ጊዜ አያት፤ ከዚያ ጢሙ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያም እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

"ትሂድ" አለ ዓይኑን እየጠረገ። "ግን የምትሠሩትን መጥቼ አያለሁ።"

ወደ ሐረር የሚወጣ የጭነት መኪና መንገድ ላይ አወረደን፤ የቀረውን በእግራችን ሄድን። የመንደሩ ሽማግሌ ኦቦ አህመድ፣ ሚስ ሊንዳንና እኔን ከልጆቻቸው ጋር እቤታቸው አሳደሩን፤ ሁለቱ ወንዶች ፈረንጆች ድንኳን ተከሉ። ያ ክረምት ለእኔ ገነት ነበር። ጠዋት በወተት የፈላ የቡና ገለፈት፣ እነሱ ሆጃ የሚሉትን፣ እየጠጣን እንወጣለን፤ ወንዶቹ ከኮረብታው ድንጋይ ያንከባልላሉ፤ ሴቶቹ ውሃ በአህያ ያመጣሉ። በእኔ ዕድሜ የነበረች ሞሚና የምትባል ልጅ ከሁሉም ቀድማ ትመጣና እስከ ማታ ድንጋይ ስታቀብል ትውላለች። ባረፍን ቁጥር ግድግዳው ጥላ ሥር ከጎኔ ተቀምጣ "ሲያልቅ ሴትም ያስገባሉ?" ትለኛለች። ያስገባሉ እላታለሁ። በማግስቱም መልሳ ትጠይቀኛለች።

ፈረንጆቹ ግንባታ የሚያውቁት ከመጽሐፍ ነበር። መጽሐፉን ድንጋይ ላይ ዘርግተው፣ ነፋስ ሲገልጥባቸው እየመለሱ፣ ሥዕሉን እያዩ ይሠራሉ። መዳፋቸው ውሃ ቋጥሮ፣ ፈንድቶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ እነሱ ግን ይዘፍኑ ነበር። ኦቦ አህመድ በየጠዋቱ መጥተው፣ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አይተው፣ በኦሮምኛ "ጋሪ" ይላሉ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። በሁለት ሳምንት ግድግዳው ደረት ደረሰ።

አባቴ የመጣው ያኔ ነው፤ አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ንጹሕ ሸሚዙን እንደለበሰ፣ የሥራ ከረጢቱን በትከሻው አንግቶ። ሰላምታውን ሰጥቶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ግድግዳውን አንድ ጊዜ ዞረው። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ "ይሄ ግድግዳ ልጅ ይገድላል። አፍርሱት በያት" አለኝ።

ሚስ ሊንዳ ፊቷ በላብና በሲሚንቶ ተለስኖ፣ ፈገግ ብላ የእኔን አፍ ትጠብቃለች። ጨርቅ የተጠቀለለ እጇን አየሁ፤ ጨርቁ ላይ ደም ነበረ። አፌን ስከፍት በእንግሊዝኛ የወጣው "አባቴ በጣም ደስ ብሎታል፤ ትንሽ ነገር ብቻ ይቀረዋል ይላል" የሚል ሆነ። እሷም ዘልላ የአባቴን እጅ በሁለት እጇ ያዘችና ነቀነቀችው፤ ከዚያ በደስታ ሌላ ድንጋይ አንስታ ግድግዳው ላይ ጫነች።

"ምን ብለሽ ነው የነገርሻት?" አለኝ አባቴ።

እሱ መልሴን አልጠበቀም። ከረጢቱን ከፍቶ ቱምቢውን፣ ያን ጫፉ ላይ ብረት የተንጠለጠለበትን የግንበኛ ክር፣ አወጣ፤ ወደ ግድግዳው ሄዶ ክሩን ከላይኛው ድንጋይ ላይ ይዞ ለቀቀው። ብረቱ ጥቂት ተወዛውዞ ቆመ። ከላይ ድንጋዩን የነካው ክር ከታች፣ ከመሠረቱ፣ አራት ጣት ርቆ ነበር። ሚስ ሊንዳ ጎንበስ ብላ ያን ክፍተት አየችው፤ ቀና ብላ ሞሚና የምትቀመጥበትን ጥላ አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ብርቄ፣ አባትሽ ምን ነበር ያለው? እውነቱን።"

እያለቀስኩ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ነገርኳት። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ስጠብቅ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቷን አቀፈች። ከቆይታ በኋላ ተነሳች፤ አሁን የጫነችውን ድንጋይ ራሷ አንስታ ወደ መሬት ጣለችው። ኦቦ አህመድ ወዲያው ኩታቸውን ቁጥቋጦ ላይ ወርውረው ከጎኗ ቆሙና ሁለተኛውን ድንጋይ አነሱ፤ ያኔ መንደሩ በሙሉ ግር ብሎ መጣ። መጣመሙን ሁሉም ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ያውቁ ነበር! ሚስ ሊንዳ ለምን እንዳልነገሯት በእኔ አፍ ስትጠይቃቸው ኦቦ አህመድ ግራ ገባቸው። "ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ፣ እጁ እየደማ ለልጆቼ ቤት ሲሠራ፣ ሥራህ ጠማማ ነው ይባላል? ስትሄዱ ልናቃናው ተመካክረን ነበር" አሉ። ይህን ሳልቀንስም ሳልጨምርም ተረጎምኩት። ሚስ ሊንዳ ሳቀችም አለቀሰችም፤ የቱ እንደሚበልጥ መለየት አልቻልኩም።

አባቴ በማግስቱ ከሚሠራበት የዓመት ፈቃዱን ጠይቆ ወደ መንደሩ ተመለሰ። ለእኔ ያለኝ ይህን ብቻ ነው፦ "ከእንግዲህ የነገርኩሽን ብቻ ንገሪ። ማሳመሩን ለእኔ ተዪው።" ከዚያ መሠረቱን አስቆፈረ፤ ድንጋይ ፊትና ጀርባ እንዳለው፣ ማዕዘን እንዴት እንደሚያዝ፣ አንዱ ድንጋይ የሌላውን መገጣጠሚያ እንዴት እንደሚሸፍን ለፈረንጆቹም ለመንደሩም እኩል አስተማረ። በአካባቢው ያሉትን የጥንት ሰዎች የድንጋይ ፍርስራሾች ሄዶ እየዳሰሰ "እነዚህ ይችሉ ነበር" ይል ነበር። ሚስ ሊንዳ ከማዶ "አቶ ወልዴ፣ ነይ!" ብላ ስትጮህ፣ ያ በ"አንተ" የሚጣላው ሰው መዶሻውን አስቀምጦ "መጣሁ!" ይላል። የመንደሩ ልጆችም የአክብሮት አጠራር መስሏቸው "አቶ ወልዴ፣ ነይ" ይሉት ጀመር።

ትምህርት ሊከፈት ሲል ቆርቆሮው ተመታ። ሞሚና ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ሆነች፤ ኋላም ተምራ ዋሂል በምትባል የገጠር ከተማ ለብዙ ዓመት አዋላጅ ሆና ሠርታለች። ሚስ ሊንዳ በሚቀጥለው ዓመት አገሯ ገባች፤ ጥቂት ጊዜ ተጻጻፍን፤ ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ ደብዳቤውም ቀረ። ኦቦ አህመድም አባቴም አርጅተው፣ ዘራቸውን አይተው አለፉ። ከጥቂት ዓመት በፊት ትምህርት ቤቱን ሄጄ ሳየው ከጎኑ ትልልቅ ክፍሎች ተሠርተዋል፤ የእኛዎቹ ሁለቱ የመጻሕፍት ማስቀመጫ ሆነዋል፤ ግድግዳው ግን አንድ ስንጥቅ የለበትም። ስለዚህ አላዝንም፤ ብዙ ሰው ከልጅነቱ ይህን ያህል የቆመ ነገር አልተረፈውም።

ምን ጎደለብሽ ብትሉኝ የአባቴ ወሬ ነው። ቤት ውስጥ "እንዴት ዋላችሁ" እና "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ የሚያድር ሰው፣ በዚያ አንድ ወር ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን ተናገረ፤ ኦሮምኛም እንግሊዝኛም ስለማይችል ያንን ሁሉ ተቀብዬ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ደግሞ የለመደ አስተርጓሚ "እሱ እንዲህ ይላል" አይልም፤ የቃሉን ባለቤት ሆኖ ነው የሚናገረው። "እኔ መሠረት ላይ አልቸኩልም" እል ነበር በኦሮምኛ፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ። አንድ ቀን ሚስ ሊንዳ ዕረፍቱን ለምን እዚህ እንደሚጨርስ ስትጠይቀው፣ አባቴ እየገነባ፣ ቀና ሳይል መለሰላት፤ እኔም ቃሉን ተቀብዬ በእንግሊዝኛ "እኔ በልጅነቴ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ልጄ ስታነብ ስሰማ ግን የተማርኩ ይመስለኛል" አልኳት። ይህን ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም ነበር። የሰማሁት ከራሴ አፍ ነው፤ ከዚያ ወዲህም አልደገመውም።