ስማቸው የተሳፈረባት መኪና

ጎሹ እንጅባራ መናኸሪያ አጠገብ ጎማ ይጠግናል። ሱቄ ከጎኑ ስለሆነ የዚያች ፎቶ ነገር ከእኔ በላይ የሰለቸው ሰው የለም።

ፎቶዋ ላይ ታላቅ ወንድሙ ስማቸው አንዲት የውድድር መኪና ተደግፎ ይስቃል። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ የውድድር መኪኖች በዳንግላ ሲያልፉ አንዱ ሹፌር ውሃ ሊሞላ ቆመ፤ የከተማው ፎቶ አንሺ ልጁን ከመኪናዋ ጋር አነሳው፣ ሹፌሩም አሳፍሮት ወደ ደብረ ማርቆስ ነዳ። ስማቸው በዚያው ቀረ። «የመኪናዋ ዓይነት ቢታወቅ ባለቤቷ ይታወቃል፣ ባለቤቷ ከታወቀ ወንድሜ ይገኛል»፤ የጎሹ ስሌት ይህ ነው።

ጎማ ሊያስለጥፍ የመጣ ሁሉ ፎቶዋን ሳያይ አይሄድም። አንዱ ቮልስዋገን ናት ይላል፣ ሌላው ሌላ። አንድ የአይሱዙ ሹፌርማ «ይቺ ፔጆ ናት፣ አባቴ ነበረችው» ብሎ ማለ። አባቱ ከአንዲት በቅሎ ሌላ እንዳልነበራቸው የተወለደበት አዘና ሙሉ ያውቃል! ጎሹ በየመልሱ ይበግናል።

በ2008 ዓ.ም. የጎረቤታችን የወርቅነሽ ልጅ ምህረት የድሮ መኪና አዋቂዎች የሚሰባሰቡበት የፌስቡክ ገጽ አገኘች።

«ጋሼ፣ በሩ ላይ ያለው ቁጥር እንዲለይ በትልቁ ይታጠብልዎት» አለችው።

ጎሹ ፎቶዋን ለሚስቱ ለስሜነሽ ሰጥቶ ዳንግላ ላካት። ፎቶ አንሺው ያረጀ ፎቶ የያዘች ባልቴት ሲያይ መጠየቅም አላስፈለገው። በአዲሱ ምስል ላይ መኪናዋን አጠፋት። ስማቸውን ሱፍ አለበሰው፣ ከረባት አሰረለት፣ ከኋላው አበባ ደረደረ፣ ከግርጌው «ነፍስ ይማር» ብሎ ጻፈበት። እኛ ዘንድ የሟች ፎቶ የሚሠራው እንዲህ ነው።

«ማን ሞተ አላችሁ?» ብሎ ጎሹ በሚስቱ ላይ ጮኸ። አርባ ዓመት ሙሉ ለስማቸው ተዝካር አላወጣም፤ እናታቸው ሲለምኑት ኖረው ሞቱ። እኔም ተናደድኩ፣ ግን በፎቶ አንሺው ሳይሆን በጎሹ። ግትር!

ደግነቱ ዋናዋ ፎቶ አልተነካችም። ምህረት በስልኳ በሩን አጉልታ አነሳችና ለፌስቡክ ገጹ ላከችው። ኔትወርኩ ሲሄድ ሲመጣ ከረመ። አንድ ጠዋት ግን መጥታ ፊቱ ቆመች።

«ጋሼ፣ ታወቀች። ፊያት ናት፣ ቁጥር አስራ ሰባት።»

ጎሹ የያዘውን ጎማ ለቀቀው። «ባለቤቷስ?»

«ውድድሩ ላይ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው የጻፉልኝ። ዓባይ በረሃ ቁልቁለቱ ላይ ተገልብጣለች አሉ።» ድምፅዋ ቀነሰ። «ሹፌሩ አልተረፈም። ዳንግላ ላይ ያሳፈረው ልጅም አልተረፈም። ዘመድ ስላልተገኘ ልጁን ደጀን ቀበሩት።»

እኔ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ልለው ተነሳሁ። ጎሹ ግን ፎቶዋን ከምህረት ተቀብሎ ወደ ፀሐይ አዞራት፤ በዘይት በጨቀየ አውራ ጣቱ በሩን ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ።

«አስራ ሰባት አይደለም» አለ። «አስራ አንድ ነው። ሰባት ያስመሰለችው ይቺ ከላይ ያለችው የፎቶው ጭረት ናት። ሌላ መኪና ነው ብለሽ ጻፊላቸው፣ ልጄ። አሁኑኑ ጻፊላቸው።»