ባለ ኮምፓሱ ገጀራ

ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ገጀራ ምን ያደርግለታል? ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ የጠየቅኩትም የብሎካችንን ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ሰውየው ባንክ ቤት ይሠራል፤ ቢበዛ አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ ስልኩ ከእጁ አይለይም። ያን ሰሞን በስልኩ ጫካ ውስጥ ብቻቸውን የሚያድሩ ፈረንጆችን ማየት ጀምሮ ነበር። ፈረንጆቹ እንጨት ይፈልጣሉ፣ እሳት ያነዳሉ፣ ዓሣ ይጠብሳሉ፤ ከዚያ ካሜራቸውን አጥፍተው ሞቅ ወዳለ ቤታቸው ይመለሳሉ። እሱ ይህችን የመጨረሻዋን ክፍል አላያትም።

በብሎካችን ስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ «ልጆቻችን ከሲሚንቶ ሌላ የሚያውቁት ነገር የለም፤ አንድ ቅዳሜና እሁድ ድንኳን ይዘን እንውጣ» አለ። ሐሳቡስ መጥፎ አልነበረም። የአንደኛ ፎቅ ጎረቤታችን አጎት ወሊሶ መንገድ ላይ የባህር ዛፍ ቦታ አላቸው፤ ነፋስ የጣለውን እየቆረጣችሁ አንድዱ ብለው ፈቀዱልን። ድንኳን ተከራየን፣ ድስትና ምንጣፍ ከየቤቱ ወጣ። የቀረው የእንጨት መቁረጫ ብቻ ነበር። ለእሱም ሦስት ሰው ያለበት ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ። ለአንድ ገጀራ፣ ንዑስ ኮሚቴ።

እኔ የተመረጥኩት «ልምድ አላቸው» ተብዬ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የመንገድ ቀያሽ ነበርኩ፤ በከፋና በሸካ ጫካ ውስጥ ድንኳን ተክዬ ወራት አሳልፌአለሁ። ይህን ደግሞ የብሎኩ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ምክንያቱም ሳልናገር የዋልኩበት ቀን የለም። ሁለተኛው አባል ራሱ ሰብሳቢው ሆነ። ሦስተኛዋ ባለቤቱ ነበረች። እሷ ለምን እንደገባች ማንም አልተናገረም፤ ቁጥር ለመሙላት መስሎኝ ነበር። ዝምተኛ ሴት ናት። ደረጃ ላይ ስንገናኝ «እንዴት አደሩ፣ እትዬ» ትለኝና አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። ሰውን በአንድ እይታ መዝኜ የመጨረስ ክፉ ልማድ አለብኝ፤ እሷንም መዝኜ ቀላል ናት ብዬ ጨርሼ ነበር።

ሰብሳቢው ሰንጋ ተራ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ባለ መስታወት ሕንፃ ወሰደን። መግቢያው ላይ ጥበቃዋ ቦርሳዬን እስከ ታች ፈተሸችው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ገጀራ ተደርድሮ በሚሸጥበት ሕንፃ ውስጥ እኔ ይዤ የምገባው ምን እንዳስፈራት እስካሁን አልገባኝም። ሱቁ «የካምፕ ዕቃ» የሚል ተጽፎበታል። ሻጩ ጢሙን በጥንቃቄ ያስተካከለ፣ ወታደር የሚያስመስል ሱሪ የለበሰ ጎልማሳ ነው። ጫማው ላይ ግን አቧራ የሚባል ነገር የለም።

«ማዘር፣ ይሄኛው ኦሪጅናል ነው» ብሎ አንዱን ከመስታወት ሳጥን አወጣልኝ።

ጥቁር ቀለም የተቀባ ብረት ነው። ጀርባው እንደ መጋዝ ጥርስ አውጥቷል። እጀታው አረንጓዴ ፕላስቲክ ሲሆን ጫፉ እንደ ጠርሙስ ክዳን ይፈታል። ክዳኑ ላይ ኮምፓስ ተለጥፏል፤ ባዶው እጀታ ውስጥ ደግሞ ክብሪት፣ መርፌ፣ ክርና የዓሣ መንጠቆ ተጠቅጥቋል።

«ባህር ዛፍ ውስጥ ዓሣ ከየት ይመጣል?» አልኩት።

«ለሁሉም ነገር ዝግጁ መሆን ነው፣ ማዘር።»

ሰብሳቢው ግን ጭራሽ አልሰማንም። ኮምፓሱን መዳፉ ላይ አስተኝቶ ጥቂት ካየው በኋላ፣ «ሰሜን በዚህ ነው» አለ፣ በእርግጠኝነት። የጠቆመው ወደ ሜክሲኮ አደባባይ ነበር፤ ወደ ደቡብ። ሻጩም አዎ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ገጀራውን ተቀብዬ አገላበጥኩት። ከበድ ማለት የነበረበት ወደ ጫፉ ነው፤ የዚህ ክብደት ያለው እጀታው ላይ ነው። እንጨት የሚቆርጠው የሰው ክንድ ብቻ አይደለም፣ የብረቱ ጫፍ ሲወርድ የሚያመጣው ክብደት ነው። ከዚያ ዋናውን ጠየቅኩ።

«እጀታው ባዶ ከሆነ ብረቱ የት ድረስ ነው የገባው?»

ሻጩ ትንሽ አሰበ። «ተበይዷል።»

«ምኑ ጋ?»

«ውስጥ ነው፣ ማዘር። አይታይም።»

ለሰብሳቢው በተቻለኝ ትዕግሥት አስረዳሁት። ደህና ገጀራ ብረቱ እጀታው ውስጥ እስከ ጫፍ ይዘልቃል፤ ግራና ቀኝ እንጨት ይለበስበትና በሚስማር ይመታል። የዚህኛው ብረት ግን፣ እጀታው ባዶ ስለሆነ፣ ቢበዛ ሁለት ጣት ያህል ቢገባ ነው። ግንድ ስትመታበት ኃይሉ በሙሉ እዚያች መጋጠሚያ ላይ ያርፋል፣ መጋጠሚያዋም አንድ ቀን ትለቃለች። ይህን ሁሉ ስናገር ፈገግ ብሎ አዳመጠኝ። ትልቅ ሰው አክብረው ሲያበቁ ምክሩን የሚጥሉ ሰዎች ፈገግታ ነው።

«ልክ ነዎት፣ እትዬ። ግን እርስዎ በሠሩበት ጊዜና አሁን አንድ አይደለም። ቴክኖሎጂው ተለውጧል።»

ገጀራ ላይ ስላለው ቴክኖሎጂ ሌላ ጥያቄ መጠየቅ አልፈለግኩም። ባለቤቱ ብረቱን ከእጄ ወስዳ አንዴ ከፍ ዝቅ አደረገችው፤ ምንም ሳትናገር ለሻጩ መለሰችለት። ተገዛ። እንደ አዲስ ስልክ በካርቶን ታሽጎ፣ የውጭ አገር ባንዲራ በታተመበት ከረጢት ተሰጠን።

በማግስቱ ለራሴ ልገዛ ብቻዬን ወደ ተክለ ሃይማኖት ሄድኩ። ማንም አላዘዘኝም፤ ያኛው እንደሚሰበር ስለማውቅ ሲሰበር የእኔ በእጄ እንዲገኝ ፈልጌ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ መርካቶ በሚወስደው መንገድ ውስጥ ለውስጥ ገብቼ፣ ማጭድና መጥረቢያ ደጃቸው ላይ የደረደሩ አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ ጋ ቆምኩ።

«ምን ሊቆርጡበት ነው?» አሉኝ።

ሰንጋ ተራ ይህን የጠየቀን አልነበረም። የደረቀ ባህር ዛፍ አልኳቸው። ከጥግ አንድ ጨለም ያለ ብረት አወጡ፤ ከጭነት መኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ነው። ጀርባው ወፍራም ነው፣ ጫፉ ሰፋ ብሎ ይከብዳል፣ ብረቱ በወይራ እጀታው መሃል እስከ ጫፍ ዘልቆ በሦስት ሚስማር ተመትቷል። ጀርባውን በመዶሻ ነካ ሲያደርጉት ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ።

«ስለቱን ሙሉ ለሙሉ አላወጣሁትም» አሉ። «ቤትዎ በሞረድ ትንሽ ይንኩት። እንዳያሳሱት ብቻ።»

እሺ አልኩና በጋዜጣ ጠቅልዬ በእግሬ ወደ ልደታ ወረድኩ። ቤት ደርሼ ግን «ትንሽ» የምትለው ቃል ከጆሮዬ ወጥታ ነበር። ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ በሞረድ ስስለው ዋልኩ። በመጨረሻ የጠቀለልኩበትን ጋዜጣ አንጠልጥዬ ስነካው፣ ወረቀቱ ያለ ድምፅ ለሁለት ተከፈለ። ያን ቀን በራሴ ምን ያህል እንደኮራሁ ለማንም ባልነግር ይሻለኛል።

ቅዳሜ ጠዋት በተከራየነው ሚኒባስ ወጣን። ቦታው ስንደርስ ሰብሳቢው ልጆቹን ሰብስቦ ስለ ተፈጥሮ ንግግር አደረገ። ንግግሩ ሲያልቅ አንድ ጎረቤታችን በስልክ እንዲቀርጸው አስቁሞ፣ ካርቶኑን ከፈተ። የወደቀ ባህር ዛፍ መሬት ላይ እንዳለ፣ ጎንበስ ብሎ ቀጥ አድርጎ መታው። አንዴ፣ ሁለቴ። ብረቱ እየነጠረ ይመለሳል። ከዚያ እንደ ቪዲዮዎቹ በጀርባው መጋዝ ሊገዘግዝ ሞከረ፤ ጥርሶቹ እንጨቱ ውስጥ ተቀርቅረው ቀሩ። በእግሩ ረግጦ አላቀቀው። ላብ በላብ ሆኗል፣ የሚቀርጸውም ሰው አልፎ አልፎ ስልኩን ዝቅ ማድረግ ጀምሯል።

እንደገና መምታት ጀመረ፤ አምስተኛው ይሁን ስድስተኛው ምት ላይ እጁ ባዶውን እጀታ እንደያዘ ቀረ። ብረቱ ተሽከርክሮ በባለቤቱ ትከሻ አጠገብ አለፈና ከኋላዋ ድንኳኑን ቀዶ ገባ። ድስት ልታስቀምጥ ጎንበስ ባትል ኖሮ የት ያርፍ እንደነበር ሁላችንም አይተናል። ክብሪቱና መንጠቆው ከእጀታው እየወጡ ሣሩ ላይ ተበተኑ።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ። የመጀመሪያው ስሜቴ ድንጋጤ አልነበረም፤ ደስታ ነበር። ሴትየዋ አንገቷን እየዳበሰች ቆማ፣ እኔ በልቤ «አላልኩም?» እያልኩ ነበር። በሰብሳቢው ሰው ናቂነት ስቀልድ የኖርኩ እኔ ራሴ ያን ሰዓት ከእሱ የምሻልበት ነገር አልነበረኝም። እንኳን ተረፍሽ ለማለት እንኳ ሁለተኛ ሆኜ ነው የደረስኩት፤ የቀደመኝ የሚኒባሱ ሾፌር ነው።

ከዚያ ገጀራዬን ከተጠቀለለበት ጨርቅ ፈትቼ ወደ ግንዱ ሄድኩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምቶች ጥሩ ገቡ፤ ፍንካቹ ሲወረወር ልጆቹ ጮሁ። አራተኛው ጉጥ ላይ አረፈ። ክንዴ እስከ ትከሻዬ ነዘረኝ። ብረቱን ሳነሳው ስለቱ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ሽራፊ ታየችኝ። ማንም እንዳያይብኝ በአውራ ጣቴ ሸፈንኳት።

«እትዬ፣ አንዴ ይስጡኝ» አለች የሰብሳቢው ባለቤት፣ ከጎኔ መጥታ።

ሰጠኋት። መጀመሪያ ልጆቹን ራቅ በሉ አለቻቸው። ከዚያ አጠር ያለ ጉማጅ ጎትታ ከግንዱ ሥር አስገባችና ግንዱን ከመሬት ከፍ አደረገችው። ጉጡን ትታ ንጹሑን ቦታ መረጠች። አልመታችም፤ አንዴ ከግራ ሰያፍ፣ አንዴ ከቀኝ ሰያፍ፣ በአጭር በአጭሩ ብረቱን ጣል ታደርገዋለች እንጂ። መሃሉ እየተቦረቦረ ሄዶ ግንዱ ራሱ ቋ ብሎ ተለያየ። ነጠላዋ እንኳ ከትከሻዋ አልወረደም። ብዙም ሳይቆይ ለምሳም ለራትም የሚበቃ እንጨት ከመረች።

ስትጨርስ ስለቱን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው።

«ብረቱ በጣም ጥሩ ነው። ግን አሳስተውታል፣ እትዬ። ለእንዲህ ያለ እንጨት ስለቱ ወፈር ማለት አለበት። ይኸው እዚህ ጋ ተሸርፏል።»

«የት ተማርሽው?»

«አገር ቤት ነዋ። ለከብት እንሰት የምቆርጠው እኔ ነበርኩ። ማገዶውም የእኔ ሥራ ነበር።»

«ታዲያ ሱቁ ውስጥ ለምን ዝም አልሽ?»

«የጠየቀኝ አልነበረም» አለች። እየወቀሰች አልነበረም፤ ሰዓት እንደምትናገር ነው የተናገረችው። ያልጠየቃት ባሏ ብቻ አይደለም። እኔም አጠገቧ ቆሜ ሻጩን ስጠይቅ ነበር።

በከፋ ጫካ ውስጥ ለእይታ የሚያስቸግረንን ቁጥቋጦ ይመነጥሩ የነበሩት የአካባቢው የቀን ሠራተኞች ናቸው። እኔ ባለ ሦስት እግሩ የመለኪያ መነጽር ጋ ቆሜ «ትንሽ ወደ ቀኝ» እል ነበር። ይህን ልዩነት ለብሎኩ ሰው አንድም ቀን ነግሬ አላውቅም።

ሰብሳቢው ከሰዓት በኋላ አገገመ። «ፋብሪካው ነው እንጂ ዲዛይኑ ችግር የለበትም» እያለ ለሾፌሩ ሲያስረዳ ሰማሁት። እሳቱ ሲያያዝ የተከመረው እንጨት አጠገብ ቆሞ ፎቶ ተነሳና ወደ ቴሌግራም ግሩፓችን ላከው፤ ከሥሩ «እንጨቱን ራሳችን ቆርጠን» ብሎ ጻፈበት። ባለቤቱ ፎቶው ውስጥ የለችም። ያን ጊዜ ወጥ እያማሰለች ነበር። ሰላሳ ምናምን ሰው የአድናቆት ምልክት ላከለት፤ ግማሾቹ እዚያው ቆመው ማን እንደቆረጠ ያዩ ናቸው።

ከተመለስን በኋላ በሳምንቱ እሁድ ከቅዳሴ መልስ የንዑስ ኮሚቴው ሪፖርት እንዲፈረም ሰብሳቢው ቤት ተጠራን። ወረቀቱ በኮምፒውተር ተጽፏል። «ለጉዞው የተገዛው መቁረጫ በአጠቃቀም ጉድለት ምክንያት ከአገልግሎት ውጪ ሆኗል» ይላል። ቀጥሎም ለሚቀጥለው ጉዞ ከዚህ የተሻለ ዘመናዊ ዓይነት እንዲገዛ ሐሳብ ያቀርባል።

«አጠቃቀሙ የማን ነበር?» አልኩት።

«የጋራ ነው፣ እትዬ» አለኝ፣ በዚያው ፈገግታ።

ልመልስለት የምችለው ብዙ ነበር። ሁሉም ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ሻይ ቀርቦልኛል፣ ዳቦውም ትኩስ ነው፣ ነገ ደግሞ ደረጃ ላይ እንገናኛለን። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ፈረምኩ። በልቤ ግን እንደ ጉድ እየናቅኩት ነበር፤ ንቀቴ ፊርማዬን ሊያስቀረው አልቻለም እንጂ።

ወረቀቱ ወደ ባለቤቱ ተላለፈ። ከላይ እስከ ታች ቀስ ብላ አነበበችው። አንብባ ስትጨርስ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ በጥንቃቄ አስቀምጣ፣ «ልጆቹን ልያቸው» ብላ ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች።

«በኋላ ትፈርማለች» አለ ሰብሳቢው።

ሪፖርቱ የብሎካችን ፋይል ውስጥ አለ። ባለፈው ለሌላ ጉዳይ ፋይሉን ስገልጥ አየሁት። ሦስተኛው ቦታ አሁንም ባዶ ነው።