ኮምፒውተሩ ውስጥ የቀሩት ጋሽ ሙሉጌታ

አላመንኩም። አሁንም አላመንኩም።

ጠዋት አልማዝ ደውላ «ጋሽ ሙሉጌታ አረፉ» ስትለኝ፣ «ኧረ ተይ! እሁድ ልደታ ደጃፍ ቆመን አውርተን የለ እንዴ?» ብዬ ጮህኩባት። «ቀብሩ ነገ ነው» አለች። ያኔ ገባኝ።

ወጣቶቹ አታውቋቸውም። በደርግ ጊዜ ልደታ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ አብረን ሠርተናል። እኔና አልማዝ ገና ጀማሪዎች ነበርን። ፕሮግራም የምንጽፍበት ኤዲተር ግራ ሲያጋባን የእርዳታ ቁልፉን እንጫናለን፤ የሚመጣው ማብራሪያ ግን ድርቅ ያለ እንግሊዝኛ ነው። ጋሽ ሙሉጌታ ታዘቡንና ቁጭ ብለው በአማርኛ ጻፉት። ስክሪኑ ፊደላችንን ስለማያውቅ በላቲን ፊደል ነበር።

የጻፉት ልክ እንደሚናገሩት ነው። ቁልፉን ስንጫን መጀመሪያ የሚመጣው «አይዞሽ፣ ምንም አልጠፋም» ነበር። ከዚያ «እጅሽን ከኪቦርዱ ላይ አንሺ። ተንፍሺ። አሁን የሰረዝሽውን እንመልሰው።»

አንድ ቀን ከምሳ በፊት ሁለት ሰዎች መጡ። «ለትንሽ ጥያቄ ነው» አሏቸው። ጋሽ ሙሉጌታ አጠገቤ ቆመው እያሳዩኝ ነበር። ከሰዎቹ ጋር ሊወጡ ሲሉ ዞር ብለው «የጻፍሽውን ሴቭ አድርጊ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ስማቸውን የሚጠራ ጠፋ። ጊዜው እንደዚያ ነበር፤ የተወሰደ ሰው አይጠየቅም፣ አይለቀስለትም። ወንበራቸው ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ።

እኛ ግን በተሳሳትን ቁጥር ቁልፉን እንጫናለን፤ እሳቸውም ይመጣሉ።

አንዴ አልማዝ ሳታስበው ጮክ ብላ አነበበችው፤ በእሳቸው አነጋገር፣ «አይዞሽ» ላይ እንደ እሳቸው ጎተት አድርጋ። ሁሉም ከሥራው ቀና አለ። ኃላፊያችን ከቢሯቸው ብቅ ብለው «ማነው የተናገረው?» አሉ። አልማዝ ወደ ስክሪኑ ጠቆመች። መጥተው ስክሪኑን አነበቡና ተመልሰው ገቡ። አጥፉት ግን አላሉንም።

ከዓመታት በኋላ ጋሽ ሙሉጌታ ተፈቱ። ከስተዋል። በር በተከፈተ ቁጥር ከመቀመጫቸው ይነሳሉ። ወደ ሥራ የተመለሱ ቀን አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ኤዲተሩን ቢከፍቱት ሁሉም ነገር ጠፍቶባቸዋል። የእርዳታ ቁልፉን እኔ ተጫንኩላቸው።

ቀስ ብለው አነበቡት። ደገሙት።

«ማን ነው የጻፈው?» አሉኝ።

የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። ዓይናቸውን ሳይ ግን ቀልድ የለም።

«እርስዎ ነዎት እንጂ፣ ጋሽ ሙሉጌታ!»

«አይደለም» አሉ በዝግታ። «ያ ሰውዬ ገና አልተመለሰም።»

ከዚያ እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ አነሱ። ተነፈሱ። ስክሪኑ የሚላቸውን እያደረጉ፣ ሥራቸውን ከዚያ ሰውዬ እንደ አዲስ ተማሩት። ሲቸግራቸው «ቆይ፣ ሰውዬውን ልጠይቀው» ይላሉ። መጀመሪያ እንፈራ ነበር። እየቆየን ግን እኛም «ሰውዬው ምን አለ?» ማለት ጀመርን።

ያ ማሽን አርጅቶ ሲወገድ ጋሽ ሙሉጌታ ተሸካሚዎቹን እስከ መኪናው ድረስ ተከትለው ሸኙት። በማግሥቱ ጥቁር ከረባት አስረው መጡ። ማንም አልሳቀም።

ጋሽ ሙሉጌታ፣ ነገ አብነት ሰፈር፣ ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ስለ አንድ ሰው ሲወራ እሰማለሁ። እኔ ግን የማውቀው ሁለት ነው። የመጀመሪያውን የወሰዱት ቀን ፊቴን ወደ ስክሪኑ አዙሬ እንባዬን ዋጥኩት፤ ማልቀስ ያስጠይቅ ነበርና። ነገ የሚከለክለኝ የለም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ለሁለታችሁም አለቅሳለሁ።

ደህና ሁኑ፣ ጋሽዬ።