አልጻፍ ያለው የወንድሜ ሰርግ

ቀናተኛ ነኝ። ይህን ሌላ ሰው ከሚናገርብኝ ራሴ ብናገረው ይሻላል። ሮቤ ውስጥ ትንሽ ቪዲዮ ቤት አለችኝ፤ የሰው ሰርግ ቀርጬ፣ ቆራርጬ፣ ዲስክ ላይ ጽፌ፣ በእኛ አነጋገር «በርን» አድርጌ፣ እኖራለሁ። የሀብታም ሰርግ ቀርጫለሁ፤ በፈረስ የታጀበ ሙሽራ ቀርጫለሁ፤ አንዳቸውም ቅናት አላስያዙኝም። የሚያቃጥለኝ የታላቅ ወንድሜ ሰርግ ነው።

ሰርጉ ስላማረ እንዳይመስላችሁ። ንፋስ የድንኳኑን ግማሽ ገልብጦት እንግዳው ሳህኑን እንደያዘ ሲሮጥ እኔው ቀርጬዋለሁ። የሚያቃጥለኝ መጨረሻው ነው። ወንድሜ ሙሽራዋን ይዞ ሲናና ወዳለው ግቢያችን ሲገባ፣ አባታችን ደጃፉ ላይ ቆመው፣ መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ያደረጉት ዱዓ አለ። ረጅም ነው። የወንድሜን ስም እየደጋገሙ ይጠራሉ፤ «ረቢ ይባርክህ» ይላሉ፤ ከዚያ በኦሮምኛ «ሆራ ቡላ» እያሉ፣ ተባዙ ኑሩ እያሉ፣ ይመርቋቸዋል። ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ «አሚን» ይላል፤ ሲያልቅም እንደ ደንቡ መዳፉን ፊቱ ላይ ያብሳል። እኔ ካሜራ ይዤ ነበር። ካሜራ የያዘ ሰው እጅ የለውም።

እኔ ሳገባ አባቴ በሕይወት አልነበሩም። አላህ ይዘንላቸው። ለእኔ ዱዓ ያደረገልኝ አጎቴ ነው፤ እሱም ርቦት ስለነበር ቶሎ ጨርሶ ወደ ምግቡ ሄደ።

እናቴ አባቴ ካረፉ ወዲህ ጎባ ወንድሜ ቤት ነው የምትኖረው። እሱ ዱዓውንም አገኘ፣ እናቴንም ወሰደ። ላለው ይጨመርለታል ማለት እንግዲህ ይኸው ነው። ክፍሏ ውስጥ አሮጌ ቴሌቪዥንና ዲስክ ማጫወቻ አላት፤ የሰርጉን ዲስክ ከፍታ የባሏን ድምፅ ትሰማለች። ታዲያ አንድ ቀን ደወለችልኝ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አባትህ መናገር አቆመ» አለችኝ።

ዲስኩን የወንድሜ ልጆች የመኪና መሪ አድርገው ሲጫወቱበት ከርመው ነው። ዱዓው ጋ ሲደርስ ምስሉ ቀጥ ይላል። ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖረኝ በሳጥን እቆልፍበት ነበር፤ እሱ ለልጅ መጫወቻ ይሰጣል። ያለው ሰው ያለውን አያውቅም።

«ስልክሽ ላይ ልጫንልሽ?» አልኳት።

«ስልክ ሰው ይደውልበታል። አባትህ ሲናገር ሰው እንዲያቋርጠው አልፈልግም» አለችኝ።

ዲስክ መሆን አለበት ማለት ነው። ችግሩ፣ ከዚያ ሰርግ የቀረው ቅጂ በእኔ ቤት አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ያለው ብቻ ነው፤ እሱም ሲከፈት ቀጭ ቀጭ ማለት ጀምሯል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ያንን ድምፅ ሲሰማ ምን ማለት እንደሆነ አይጠይቅም። አንድ ቀን ዝም ይላል፣ አባቴም አብረውት ዝም ይላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ፊልሙን ወደ ኮምፒውተሬ ገለበጥኩና እስከ መጨረሻው አየሁት። ጤነኛ ነው። የአባቴ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ በመሃል በመሃሉ የእኔ «አሚን» እንደ በሬ ያገሳል። የራሴን ድምፅ መስማት አልወድምና በፍጥነት አለፍኩት።

ከዚያ መጻፍ ጀመርኩ። ለማያውቅ ሰው፣ ኮምፒውተሩ ዲስኩን ከጻፈ በኋላ ሥራው አያልቅም፤ መልሶ እያነበበ ከዋናው ጋር ያስተያያል። ቬሪፋይ እንለዋለን። ልዩነት ካገኘ ቀይ ምልክት አውጥቶ ስህተት አለ ይላል። ለደንበኛ ስንሠራ ብዙዎቻችን ይህን ዘለን እናልፈዋለን፤ ማን ይጠብቃል? ለእናቴ ግን መዝለል አልቻልኩም።

የመጀመሪያው ዲስክ በደንብ ተጻፈ። ማስተያየቱም ሙሽራው ሲለብስ ደህና፣ ድንኳኑ ሲገለበጥ ደህና፣ ሙሽራዋ ስትሸኝ ደህና እያለ ሄደ ሄደና አባቴ መዳፋቸውን ሊዘረጉ ሲሉ ቀይ። ሁለተኛውም እዚያው ጋ። የሚቀጥለውም እዚያው ጋ። ምክንያቱ አስማት አይደለም፤ ዲስክ ከመሃል ጀምሮ ወደ ጠርዝ ነው የሚጻፈው፤ የፊልሙ መጨረሻ ጠርዙ ላይ ይውላል፤ ዲስክ ሲበላሽ ደግሞ መጀመሪያ የሚበላሸው ጠርዙ ነው። ይህን አውቃለሁ። ቢሆንም ደነገጥኩ።

ባለቤቴ ቡና ይዛልኝ ስትገባ ቀዩን ምልክት አይታ ሳቀች።

«ማሻአላህ በል እንጂ! ዓይንህ ነው ያበላሸው» አለችኝ።

እኛ ጋ የሰው ጥሩ ነገር ሲያዩ ማሻአላህ ካልተባለ ዓይን ይገባዋል ይባላል። ተናደድኩ፤ የተናደድኩትም ልክ ስለመሰለኝ ነው። ያንን ዱዓ ባየሁ ቁጥር አንድም ቀን ማሻአላህ ብዬ አላውቅም። እሷ ስትወጣ ጠብቄ፣ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ ብዬ፣ «ማሻአላህ» አልኩና ሌላ ዲስክ ከተትኩ። ቀይ።

እንግዲያው ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ባዶ ዲስኮቹን ጠረጠርኩ፤ ከሌላ ሱቅ ሌላ ዓይነት ገዝቼ ሞከርኩ፤ ያው ነው። አጨዳ ላይ ነበርን፤ ኮምባይነር ስንዴውን ሲበላ እብቁ ከሲናና ማሳ ተነስቶ የሮቤን ሱቅ ሁሉ ያለብሳል። የበርነሩን፣ የዲስክ መጻፊያውን፣ ሌንስ ፈትቼ ጠረግኩ፤ ያው ነው። የውስጡን ገመድ ቀየርኩ፤ ያው። ከጎረቤት ሌላ በርነር ተውሼ ገጠምኩ፤ እሱም አባቴ ጋ ሲደርስ ቀይ አለ። ጠረጴዛዬ ላይ የተበላሹት ዲስኮች ተቆለሉ፤ ሁሉም ላይ ወንድሜ አግብቷል፣ አንዱም ላይ አልተመረቀም። እውነቱን ልናገር፣ ክምሩን ሳይ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ደስ ብሎኛል። ወዲያው ግን እናቴ «አባትህ መናገር አቆመ» ያለችው ትዝ አለኝና ደስታዬ አፌ ውስጥ መረረ።

ያላየሁት ነገር ዓይኔ ሥር ነበር። እዚህ አገር ዲስክ የሚጽፍ ሁሉ ፍጥነቱን መጨረሻው ላይ ያደርገዋል። መብራት ይሄዳል። ግማሽ ላይ መብራት ከሄደ ዲስኩ ይጣላል፤ ስለዚህ ሳይሄድ እንጨርስ ብለን እናሯሩጠዋለን። ማንም አላስተማረኝም፤ ሁላችንም ከመብራቱ ነው የተማርነው። ከመልመዴ የተነሳ ፍጥነት የሚባል ነገር መኖሩንም ረስቼው ነበር። ዲስክ በዚያ ፍጥነት ሲሽከረከር ጠርዙ ጋ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል፤ ጽሑፉም ይደበዝዛል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት የእኔ ነገር ነው።

ፍጥነቱን መጨረሻ ድረስ ቀነስኩት። ቀስ እያለ፣ እያንዳንዱን እያስተካከለ መጻፍ ጀመረ። ደስ ብሎኝ ሳየው መብራት ሄደ። በሚቀጥለው ቀን ሞከርኩ፤ ሄደ። የእኔ ባትሪ ኮምፒውተሩን በሰላም ለማጥፋት ያህል ነው የሚይዘው። ትልቅ ባትሪና ኢንቨርተር ያለው፣ መብራት ሲሄድ የማያውቅ ቤት አስቤ አስቤ ያገኘሁት አንድ ነው። ጎባ ያለው የወንድሜ ሱቅ።

ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልዬ፣ ሚኒባስ ውስጥ እንደ ልጅ ታቅፌ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ አጉረመረምኩ። ዱዓው የእሱ፣ እናቴ እሱ ጋ፣ መብራቱም የእሱ! ጎባ ስንደርስ ጭጋግ ወርዶ ነበር፤ ወንድሜ ሱቁ በር ላይ ብርድ እየመታው ይጠብቀኛል። ኮምፒውተሩን ከእጄ ተቀብሎ፣ የሃረና ማር በዳቦ አቀረበልኝ። ደግ ነው፤ ይህም ያናድደኛል። ክፉ ቢሆን የምቀናበት ምክንያት አለኝ እል ነበር።

ከሱቁ ጀርባ ባለው የእናቴ ክፍል ገጠምኩት። በቀስታ ይጻፍ አልኩት፤ ሦስታችንም ቁጭ ብለን ጠበቅን። መሃል ላይ የጎረቤቱ ሬዲዮ ድንገት ዝም አለ፤ መብራት ሄዷል። ከሱቁ ኢንቨርተሩ ቀጭ አለ፣ ዲስኩ መዞሩን አላቆመም። ማስተያየቱ ጀመረ። ሙሽራው ሲለብስ ደህና። ድንኳኑ ደህና። ሙሽራዋ ስትሸኝ ደህና። አባቴ ጋ ደረሰ። አለፈ። እስከ ጫፉ ሄደና አረንጓዴ ሆነ፤ አንድም ልዩነት የለም።

«አልሀምዱሊላህ!» አለች እናቴ።

እኔም አልኩ። ከዚያ ቅናቴ ተመልሶ መጣ፤ ያን ሁሉ ቀን የለፋሁት ለወንድሜ ምርቃት ነበራ።

ዲስኩን በእሷ ማጫወቻ ከተትን። አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሙ፣ መዳፋቸውን ዘረጉ፣ የወንድሜን ስም ጠሩ። «ረቢ ይባርክህ።» «አሚን!» አለ በሬው፣ ማለትም እኔ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። ወንድሜ ግን ፊቱ ጠቆረ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ያንተን አሚን መቀነስ ይቻላል?»

«ምን አደረገህ?»

«የሚሰማው ያንተ ብቻ ነው። እኔም ብያለሁ፤ ወላሂ ብያለሁ፤ አንድም ቦታ አይሰማም። ልጆቼ ‹አጎታችን ነው እንዴ የሚመረቀው?› ይሉኛል። አባባ ይናገራል፣ አንተ ትመልሳለህ፤ እኔ እንደ እንግዳ ቆሜያለሁ። ይህ ነገር በተከፈተ ቁጥር ቅናት ይይዘኛል። በራሴ ሰርግ!»

የካሜራው ማይክ ካሜራው ላይ ነው፤ ካሜራውን የያዘ ሰው ከሁሉ ይቀርበዋል፤ ይህን እያንዳንዱ ሰርግ ላይ የማውቀው ነገር ነው። በዚህኛው ላይ ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። እኔ በእሱ ስቃጠል እሱ በእኔ ይቃጠል ነበር።

«ከፈለግህ እቀንሰዋለሁ» አልኩ። ከልቤ አልነበረም።

«ማንም እንዳይነካው!» አለች እናቴ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «አሚን ያለ ሰው ከዱዓው ድርሻ አለው። አባታችሁ ይህን እያወቀ አንዳችሁን ብቻ ይመርቃል? እኔስ ለምንድነው ሁልጊዜ የምከፍተው? አባታችሁንና ሁለታችሁን፣ ሦስታችሁንም በአንድ ጊዜ የማገኘው እዚህ ላይ ብቻ ነው። መልሰው።»

መለስኩት። አባቴ እንደገና መዳፋቸውን ዘረጉ። ወንድሜም ዘረጋ። እኔም ዘረጋሁ።

«ረቢ ይባርክህ» አሉ አባቴ።

ወንድሜ «አሚን!» ብሎ ጮኸ፤ ዛሬስ አልበለጥም ብሎ። እኔም ከእሱ ላለማነስ ጮህኩ። ከቴሌቪዥኑ የድሮው እኔ ከሁለታችን በላይ ጮኸ።

«ቀስ በሉ፣ አባታችሁን አትሸፍኑት» አለች እናቴ።

ዝግ አልን። አባቴ ሆራ ቡላ ብለው ጨረሱ፤ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መዳፉን ፊቱ ላይ አበሰ። ምስሉ ግን አልተነቃነቀም፤ ያን ቀን እኔ ካሜራውን ጥብቅ አድርጌ ይዤ ነበር፣ ፊቴንም አላበስኩም።

አሁን አበስኩ።